የጠፋውን ማባበያ ከማንኪያና ከቡሽ፦ ዓሣን በማታለል ውስጥ ያለው ሳይንስ

በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ሐይቆችና ወንዞች ውስጥ ዋልአይ የሚባል ዓሣ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ ሳንደር ቪትሬየስ ሲሆን፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚኒሶታ ግዛት ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዛቲቱ መለያ ዓሣ ሆኖ በሕግ ታውቋል። ይህን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ትል ከመሰካት ባሻገር፣ ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራች፣ የማትበላ ነገር ግን የምትበላ የምትመስል ትንሽ ዕቃ በውኃ ውስጥ ይጎትታሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህችን ዕቃ «ማባበያ» ብለን እንጠራታለን።

ማባበያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አንዳንድ ጊዜ አንዱን ዓይነት ወይም አንዱን ቀለም መሥራት ያቆማሉ። ያን ጊዜ በዚያች ማባበያ የለመደው አጥማጅ አሮጌ ሱቅ ለሱቅ ሲንከራተት፣ ካገኛትም ከመጀመሪያ ዋጋዋ በላይ ሲከፍል ይታያል። የእኛ አገር ችግር ከዚህ ይለያል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሁለት ወይም ሦስት ማባበያዎች በስጦታ ይዞ ቢመጣ፣ የመጀመሪያዋ በድንጋይ መካከል ተቀርቅራ፣ ሁለተኛዋ በግንድ ተይዛ ስትቀር፣ ምትኳን ፍለጋ የደብረ ማርቆስን ገበያ መዞር ብዙም አያዋጣም። እዚያ የጠፋችው አንዲት ቀለም ናት፤ እዚህ ግን ዕቃው ራሱ የለም። መፍትሔው በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። አንድን ዕቃ በሌላ ለመተካት የዕቃውን ስም ሳይሆን ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድመን ማባበያ በዓሣው ስሜቶች ላይ ምን እንደምትሠራ፣ ቀጥሎም ያንኑ ሥራ በአካባቢያችን ከሚገኙ ቁሳቁሶች የትኞቹ ሊሠሩት እንደሚችሉ እንመለከታለን።

የእኛ ውኃ ዓሣዎች

ዋልአይ በአገራችን ውኃዎች ውስጥ የለም። ጎጃምን ከሦስት አቅጣጫ ከብቦ በሚያልፈው በዓባይና በገባሮቹ፣ እንዲሁም በጣና ሐይቅ ያሉት ዓሣዎች ሌሎች ናቸው። ሁሉንም በማባበያ ማጥመድ አይቻልም። ቆረሶ ዋና ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አልጌዎችና የበሰበሱ ዕፀዋት ስለሆኑ፣ ዓሣ የምትመስል ብረት ብናሳየው ብዙም አይደነቅባትም፤ ለእርሱ ሊጥ ይሻለዋል። አምባዛ ደግሞ በሌሊትና በደፈረሰ ውኃ የሚያድን ሲሆን፣ በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞችና በቆዳው ላይ በተሰራጩ የጣዕም ሕዋሳት ይመራል። ለአምባዛ ሽታ የሌለው ማባበያ ግማሽ ማባበያ ነው ማለት ይቻላል።

ማባበያን በተመለከተ በእጅጉ የሚያጓጓው የላቤኦባርበስ ወገን ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የዚህ ወገን ዝርያዎች ተለይተዋል። ሊዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ሳይንቲስቶች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት በሐይቁ 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዝርያዎችን ለይተው ገልጸዋል። ከእነዚህ 8ቱ ሌሎች ዓሣዎችን እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ይህ ለባዮሎጂ ተማሪ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። እነዚህ ዓሣዎች የሚመደቡበት የካርፕ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጨጓራም የለውም። ጥርሱ ከጉሮሮው ውስጥ ነው ያለው። ጥርስ የሌለው አዳኝ ማለት ጥፍር የሌለው ነብር እንደማለት ነው፤ ሆኖም ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 40 ሜትር ገደማ በሚወርድበት በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምክንያት በታችኛው ናይል ያሉ ትላልቅ አዳኝ ዓሣዎች ወደ ጣና መውጣት ስላልቻሉ፣ ክፍት የሆነውን የአዳኝነት ቦታ እነዚህ ጥርስ አልባዎች ያዙት።

ለአጥማጁ ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ትምህርት አለ። በጉሮሮ ጥርሱ የሚያደቅ ዓሣ የሚውጠው ነገር በጉሮሮው ቀዳዳ ማለፍ ስላለበት፣ የሚመርጠው አነስተኛና ቀጭን ታዳኝ ነው። በጣና ዋነኛው ታዳኝ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡት ትናንሾቹ ባርበሶች ሲሆኑ፣ በእነዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እሸቴ ደጀን ሰፊ ጥናት አድርገዋል። ኤንተሮሚየስ ታናፔላጊየስ የሚባለው ዝርያ ለሳይንስ የተገለጸው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከገለጹት አንዱ እርሳቸው ናቸው። ስለሆነም ለዋልአይ የምትሠራ 10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ማባበያ ለእኛ ዓሣ ትልቅ ናት። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም፣ ቀጠን ያለች፣ ብርማ ቀለም ያላት ትመረጣለች።

ከጮቄ ተራራ ተነሥታ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የምታልፈውን ጨሞጋን የመሳሰሉ ወንዞች ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርዱ ውኃቸው እየሞቀና እየሰፋ ይሄዳል። በዓባይ ገባሮች በስፋት የሚታወቀው ላቤኦባርበስ ኢንተርሜዲየስ ነፍሳትንም፣ ቀንድ አውጣንም፣ ትናንሽ ዓሣንም የሚበላ፣ ምርጫ የማያበዛ ዓሣ ነው። ለጀማሪ ማባበያ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ፈታኝ አይገኝም።

ዓሣው ምን ያያል?

የዋልአይ ዓይን ከብርሃን ሴል ሽፋኑ በስተኋላ ታፔተም ሉሲደም የሚባል አንጸባራቂ ሽፋን አለው። ብርሃን በሴሎቹ በኩል አንድ ጊዜ አልፎ ሳይያዝ ቢቀር፣ ከዚህ ሽፋን ተመልሶ ሁለተኛ ጊዜ ያልፋል። በሌሊት የመኪና መብራት ያረፈበት የጅብ ዓይን የሚያበራው በዚሁ ምክንያት ነው። ዋልአይ በማታና በንጋት፣ እንዲሁም በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ከታዳኙ ይልቅ አጥርቶ የሚያየው ለዚህ ነው። ቀለምን በተመለከተ የዓይኑ ሴሎች ለአረንጓዴና ለብርቱካንማ-ቀይ ብርሃን ይበልጥ ስሜት አላቸው። ለዋልአይ የሚሸጡ ማባበያዎች ብዙዎቹ ብርቱካንማና ደማቅ ቢጫ-አረንጓዴ የሆኑት በፋሽን ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

የእኛዎቹን ዓሣዎች ዓይን በዚህ መጠን ለመግለጽ አንሞክርም። ሆኖም ከጣና አዳኞች አንዱ ላቤኦባርበስ ማክሮፍታልመስ የሚለውን ስም ያገኘው በትልልቅ ዓይኖቹ ነው፤ ቃሉ በግሪክ «ትልቅ ዓይን» ማለት ነው። ብርሃን በውኃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ፊዚክስ ለሁሉም ዓሣ እኩል ይነግረናል። በጠራ ውኃ ውስጥ ቀይ ብርሃን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ተውጦ ሲጠፋ፣ ሰማያዊው ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። በደፈረሰ ውኃ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በክረምት ከታረሰ መሬት ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ከቅጠላ ቅጠል የሚወጣው ቡናማ ቀለም መጀመሪያ የሚያጠፉት ሰማያዊውን ነው፤ ጥቂት ርቀት የሚጓዘው ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ነው። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ወንዙ ሲጠራ ብርማ ማባበያ፣ ውኃው ገና እንደ ሻይ በቀላበት ጊዜ ደግሞ ናስማ ወይም ብርቱካንማ ማባበያ መያዝ ምክንያት ያለው ምርጫ ነው።

የዓሣ ብርማነት ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። በቅርፊቱ ሥርና በቆዳው ውስጥ የጓኒን ክሪስታሎች እንደ መስታወት ንብር ተደርድረው ይገኛሉ። ይህ ጓኒን በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ካሉት አራት ቤዞች አንዱ የሆነው ያው ጓኒን ነው። መስታወት የራሱ ቀለም የለውም፤ ያለበትን ውኃ ቀለም መልሶ ያሳያል። በዚህም ትንሿ ዓሣ ቀጥ ብላ ስትዋኝ ከአካባቢዋ ጋር ተመሳስላ ትሰወራለች። ስትቆስል ወይም ስትታመም ግን ሰውነቷ ይዘነብላል፤ መስታወቱም ከላይ የሚመጣውን የፀሐይ ብርሃን በድንገት ይረጫል። አዳኙ የሚጠብቀው ይህንን ብልጭታ ነው። ማባበያ ብልጭ ማለት ብቻ ሳይሆን ብልጭ ብሎ መጥፋት አለባት የምንለው ለዚህ ነው። ሳትወዛወዝ ቀጥ ብላ የምትሳብ አብረቅራቂ ብረት ጤነኛ ዓሣ ትመስላለች፤ ጤነኛ ዓሣን ማሳደድ ደግሞ ለአዳኙ ኪሳራ ነው።

የጎን መስመርና የሚያፏጨው ሽቦ

ዓሣ ከዓይኑ ሌላ በሰውነቱ ግራና ቀኝ ከጉንጩ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ የጎን መስመር የሚባል የስሜት አካል አለው። በመስመሩ ላይ ኒውሮማስት የተባሉ ትናንሽ የፀጉር ሕዋሳት ስብስቦች ይገኛሉ፤ ውኃው ሲነቃነቅ ፀጉሮቹ ይጎነበሳሉ፤ ዓሣውም ከቅርብ ርቀት የሌላውን እንቅስቃሴ ያውቃል። በጨለማ ዓሣ በዓሣ ላይ ሳይጋጭ በመንጋ የሚሄደው በከፊል በዚህ አካል አማካይነት ነው።

አሁን ማባበያ ስትጎተት ከኋላዋ የሚሆነውን እንመልከት። በጮቄ ሥር ባሉ ሜዳዎች ንፋስ በበረታበት ቀን የስልክ ሽቦ ሲያፏጭ ሰምታችሁ ይሆናል። ንፋሱ ሽቦውን አልፎ ሲሄድ ከበስተኋላው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች የሚፈናቀሉ አዙሪቶችን ይፈጥራል። ቪንሰንስ ስትሮሃል የተባለው የቼክ የፊዚክስ ሊቅ በ1878 እ.ኤ.አ. ይህንን ድምፅ መርምሮ፣ የአዙሪቶቹ ድግግሞሽ በፍጥነቱ ተባዝቶና በስፋቱ ተካፍሎ እንደሚገኝ አሳየ። አባዢው ቁጥር በስሙ የስትሮሃል ቁጥር ተብሎ ሲጠራ፣ ለብዙ ቅርጾች ወደ 0.2 ይጠጋል። በቃላት ስናስቀምጠው፦

ድግግሞሽ = 0.2 × ፍጥነት ÷ ስፋት

ስፋቷ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነች ማባበያ በሴኮንድ 50 ሴንቲ ሜትር ብትጎተት፣ 0.2 × 50 ÷ 2 = 5 ይሆናል። ይህም ማለት በየሴኮንዱ 5 ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትገፋለች ማለት ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንሰው 2.5፣ ስፋቷን በግማሽ ብንቀንሰው ደግሞ 10 ይደርሳል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ የማባበያዋ ጎባጣነትና ክብደት ውጤቱን ይለዋውጡታል። ቁም ነገሩ ግን የሚገኘው ቁጥር ትንንሽ ዓሣዎች ጅራታቸውን ከሚያወዛውዙበት ድግግሞሽ ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው። የፋብሪካ ማባበያ ሲገዛ የሚከፈልበት ዋናው «ምሥጢር» ይኸው ሲሆን፣ ለፋብሪካ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

የክር መጠቅለያ ማሽን ለሌለውም ቁጥሩ ይሠራል። ዲያሜትሩ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ባዶ የቲማቲም ወይም የወተት ቆርቆሮ ላይ ክር ስንጠቀልል አንድ ዙር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስባል። በሴኮንድ ሁለት ዙር ማለት ከላይ የተጠቀምንበት 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዘንጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጮቄና የአዊ ደጋ ቀርከሃ ቀላል፣ ቀጥ ያለና ጎብጦ የሚመለስ ነው።

ማንኪያ

የብረት ማባበያ በእንግሊዝኛ የሚጠራው «ማንኪያ» በሚለው ቃል ነው። እንደሚነገረው፣ ጁሊዮ ቡል የተባለ አሜሪካዊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሐይቅ ላይ ምሳውን ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጦ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ማንኪያው እየተወዛወዘ ሲሰምጥ አንድ ዓሣ መጥቶ ነጠቀው። ታሪኩ ተጋኖ ሊሆን ይችላል፤ ቡል ግን በ1852 እ.ኤ.አ. ለብረት ማባበያ የፈጠራ መብት ማግኘቱ የታወቀ ነው። ወደ ማንኪያ መመለስ እንግዲህ ወደ መነሻው መመለስ እንጂ ማሽቆልቆል አይደለም።

የሻይ ማንኪያ እጀታው ከሥሩ በብረት መጋዝ ተቆርጦ ጎድጓዳው ክፍል ይቀራል። ከሁለቱም ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ አንድ አንድ ቀዳዳ ይበሳል። ጠርዙ በሞረድ መለስለስ አለበት፤ አለበለዚያ ክሩን ይቆርጣል። በሁለቱ ቀዳዳዎች ትንንሽ የቁልፍ ቀለበቶች ይገባሉ፤ ከአንዱ መንጠቆ፣ ከሌላው ክር ይታሰራል። መንጠቆው የሚታሰረው በሰፊው ጫፍ በኩል ነው። የቁሱ ምርጫ ውጤት አለው። የአልሙኒየም ማንኪያ ጥግግቱ 2.7 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ጥልቀት ለሌለው ወንዝ ይስማማል። የማይዝገው ብረት 7.8 አካባቢ ስለሆነ ሩቅ ይወረወራል፤ ፈጥኖም ይሰምጣል፤ ለጥልቅ ኩሬ ይመረጣል። ናስ ከተገኘ በቀላ ውኃ መልካም ነው። ብዙዎች ማንኪያውን ከመጠን በላይ ያጎብጡታል፤ እንዲህ ሲሆን መወዛወዙን ትቶ ይሾራል፤ ክሩም እንደ ፈትል ይከረራል። ከመውጣታችሁ በፊት በሰፊ በርሜል ወይም በመስኖ ቦይ ጎትታችሁ ተመልከቱት፤ ከሾረ በመዶሻ ጥቂት አቅኑት።

ቡሽ፣ ኮርችና ቃጫ

በ1936 እ.ኤ.አ. ላውሪ ራፓላ የሚባል ድሃ ፊንላንዳዊ አጥማጅ ትልልቅ ዓሣዎች ከመንጋው መካከል ለይተው የሚያጠቁት ተንገዳግዳ የምትዋኘውን እንደሆነ ተመለከተ። ቡሽ በጫማ ሰፊ ቢላ ጠርቦ የዓሣ ቅርጽ ሰጠው፤ ከቸኮላት መጠቅለያ በተገኘ ብልጭልጭ ወረቀት አለበሰው፤ ቫርኒሽ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። በ1962 እ.ኤ.አ. ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለዚህች ማባበያ በጻፈ ጊዜ ትዕዛዙ ከመሥሪያ ቦታው ዐቅም በላይ ሆነ። ዛሬ በመላው ዓለም የምትሸጠው፣ እኛም «የት እናግኛት?» የምንላት ማባበያ ራሷ የተወለደችው ከእጦት ነው።

የእንጨት ማባበያ ሥራ ሁሉ የሚያርፈው በአርኪሜድስ ሕግ ላይ ነው። መጠኑ 10 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሆነ የቡሽ አካል አለን እንበል። የቡሽ ጥግግት 0.2 ብንይዝ ክብደቱ 2 ግራም ነው። ማባበያዋ ሳትንሳፈፍና ሳትሰምጥ በውኃው መካከል እንድትቆም ምን ያህል ብረት እንጨምር? ጠቅላላው ክብደት ከሚገፋው ውኃ ክብደት ጋር እኩል መሆን አለበት። የምንጨምረው ብረት ራሱም ውኃ ስለሚገፋ መጠኑን በ7.8 አካፍለን እንደምራለን፦

2 + ብረት = 10 + (ብረት ÷ 7.8)

ከዚህ ብረቱ 9.2 ግራም ያህል ሆኖ ይገኛል። መንጠቆዎቹና ቀለበቶቹ 3 ግራም ቢመዝኑ፣ 6.2 ግራም ተጨማሪ ክብደት ከሆዷ ሥር ይቀበራል። ከሆዷ ሥር የምንልበት ምክንያት አለ፤ ክብደቱ ከላይ ከሆነ ማባበያዋ ትገለበጣለች። እንድትንሳፈፍ የፈለገ ከዚህ ያሳንሳል፣ እንድትሰምጥ የፈለገ ይጨምራል።

ቡሽ ካልተገኘስ? በውጭ አገር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ባልሳ የተባለው የደቡብ አሜሪካ እንጨት ሲሆን፣ ጥግግቱ 0.16 ገደማ ነው። በእኛ አካባቢ የኮርች እንጨት ለስላሳና ቀላል ነው፤ በቢላ በቀላሉ ይጠረባል። በየአጥሩ የሚተከለው ቃጫ አብቦ የሚያወጣው ረጅም ግንድ ሲደርቅ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀላል ይሆናል። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለመንሳፈፊያ ይሆናል እንጂ ለማባበያ አካል አይጠነክርም። የማንኛውንም እንጨት ጥግግት ያለ ሚዛን ማወቅ ይቻላል። ወጥ የሆነ ውፍረት ያለው 10 ሴንቲ ሜትር ዘንግ በጠባብ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲንሳፈፍ አድርጉ፤ 3 ሴንቲ ሜትሩ ውኃ ውስጥ ከገባ ጥግግቱ 0.3 ነው። ይህንን ከቡሹ ቁጥር ይልቅ በስሌቱ ውስጥ አስገብታችሁ ብረቱን እንደገና ማውጣት ትችላላችሁ።

እነዚህ እንጨቶች ሁሉ ውኃ ይጠጣሉ፤ ያን ጊዜ ስሌታችን ይበላሻል። ስለዚህ መሸፈን አለባቸው። የቀለጠ የንብ ሰም ለአንድ ቀን ይበቃል። ከዚያ የሚሻለው የጥፍር ቀለም ነው። የጥፍር ቀለም ዋና ንጥረ ነገር ናይትሮሴሉሎስ ሲሆን፣ የቀድሞ የፎቶግራፍ ፊልሞችም ይሠሩ የነበረው ከዚሁ ነበር። ስለዚህ የራፓላን ዘዴ ለመከተል ፊልም ማቅለጥ አያስፈልግም፤ ፊልሙ እጅግ ተቀጣጣይ ስለሆነ ማንም እንዳይሞክረው እናሳስባለን። በሁለት ቀለም ቅብ መካከል ከሲጋራ ፓኮ ወይም ከማስቲካ የተገኘ ብርማ ወረቀት ይለጠፋል።

ማባበያዋ ስትሳብ ወደ ታች እንድትጠልቅ ከአገጯ ሥር ትንሽ ምላስ ያስፈልጋታል። የፋብሪካዎቹ ምላስ ብዙውን ጊዜ ከፖሊካርቦኔት የሚሠራ ነው። በየቢሮውና በየቤቱ የሚጣለው የተበላሸ ሲዲም ፖሊካርቦኔት ነው፤ ውፍረቱም 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። በመቀስ ሲቆረጥ ስለሚሰነጠቅ በቀጭን መጋዝ ቀስ ብሎ መቁረጥ ይሻላል። የሃይላንድ ጠርሙስ ፕላስቲክ ለዚህ ሳስቶብናል፤ በውኃው ግፊት ይታጠፋል።

ላባና ፀጉር

ከሁሉም ርካሹና፣ በእኛ አስተያየት፣ ከሁሉም አስተማማኙ ይህ ነው። ኤልያን የተባለው የሮም ዘመን ጸሐፊ በ200 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አካባቢ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የዶሮ ላባ አስረው፣ ዝንብ አስመስለው ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። በአገራችን በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት የሚጠመደው እስከ ዛሬ በዚሁ ዘዴ ነው። ለዋልአይም ዋነኛው ማባበያ፣ ጂግ የሚባለው፣ በመሠረቱ ራሱ የከበደ መንጠቆ ላይ የታሰረ የፀጉር ጭራ ነው።

በበዓል ሰሞን በየግቢው የሚጣለው የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ፣ ረጅሙ የፍየል ፀጉርና የበግ ሱፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ላባ በዘይት የተለበጠ ስለሆነ በሳሙና ታጥቦ ካልደረቀ በቶሎ አይሰምጥም። በመንጠቆው እጀታ ላይ ትንሽ ዳዶ አስገብቶ በክር ማጥበቅ፣ ከኋላው ነጭ የፍየል ፀጉር ከጥቂት ቀይ ሱፍ ጋር ጠቅልሎ ማሰር፣ ቋጠሮውን በጥፍር ቀለም መዝጋት፤ ሥራው አበቃ። ፀጉሩ በጥቂቱ መሆን አለበት፤ ሲበዛ ይጠጥራል፣ ሲሳሳ ግን ውኃው ራሱ ይተነፍስበታል።

ለክብደት ዳዶ ያልነው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው እርሳስ የተባለውን ብረት ነው፤ እርሱን ለማግኘትም የመኪና ባትሪ ሰብረው የሚያቀልጡ አሉ። የእርሳስ ትነትና ብናኝ በተለይ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል፤ በወንዝ የቀረ ፍሬም የውኃ ወፎች እንደ ጠጠር ይውጡታል። እንግሊዝ አገር በ1987 እ.ኤ.አ. ትናንሽ የእርሳስ ማጥመጃ ክብደቶችን የከለከለችው ስዋን የተባሉት ወፎች በመርዙ በማለቃቸው ነበር። ዳዶ ከእርሳስ ጥቂት ገዘፍ ማለቱ እንጂ ሌላ ጉድለት የለበትም።

ምትክ ያልሆነው ምትክ

ማባበያና መንጠቆ በጠፋበት ቦታ ለዘመናት ያገለገለ ሌላ ዘዴ አለ፤ እርሱም ብርብራ ነው። የዚህ የአገራችን ብቻ የሆነ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣዎች እየተንገዳገዱ ወደ ላይ ይወጣሉ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን በስንጥባቸው በኩል ወደ ደማቸው ገብቶ፣ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የኤሌክትሮን ማስተላለፊያ ሰንሰለትን ከመጀመሪያው ጣቢያ ላይ ይቆርጠዋል። ኦክስጅን በውኃው ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሕዋሶቹ ሊጠቀሙበት አይችሉም። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቶቹንና የሚመገቧቸውን የውኃ ነፍሳት ጭምር ይፈጃል። አንድ ኩሬ በአንድ ከሰዓት ባዶ ይሆናል። ዓሣን በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ተከልክሏል።

መረብም ቢሆን በተሳሳተ ጊዜና ቦታ ሲጣል ከብርብራ ብዙ የራቀ አይደለም። በጣና በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የመረብ አጠማመድ የተጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት 10 ዓመታት የጎልማሳ ላቤኦባርበሶች ብዛት በ75 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ምክንያቱ ከሥነ ሕይወታቸው ጋር የተያያዘ ነው። ከዝርያዎቹ በርካታዎቹ በክረምት፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ከጎጃም ደጋ ወደሚወርደው ግልገል ዓባይ በመንጋ ይወጣሉ። በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያገኘው የዓመቱን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ያልተወለዱትንም ነው። እነዚህ ዝርያዎች ከጣና ከጠፉ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ ማምጣት አይቻልም።

ማባበያ አንድን ዓሣ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ የተያዘውንም አይቶ መልሶ ለመልቀቅ ጊዜ ይሰጣል። ለዚህ እንዲመች የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት። ጥርስ የሌለው የላቤኦባርበስ አፍ ለስላሳ ስለሆነ እሾህ ያለው መንጠቆ ሲነቀል ይቀድደዋል፤ ክሩን ሳታላሉ ከሳባችሁ እሾህ የሌለውም አያመልጥም። የምትለቁትን ዓሣ በደረቅ እጅ አትያዙ፤ ከበሽታ የሚጠብቀው አተላማ ሽፋን ይገፈፋልና እጃችሁን አስቀድማችሁ አርጥቡ።

ጊዜውን በተመለከተ ወንዞቹ መጥራት ከሚጀምሩበት ከኅዳር በኋላ ያሉት ወራት ለማባበያ የተመቹ ናቸው፤ ከቀኑ ደግሞ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ያለው ሰዓት። በዓባይ ሸለቆ ግን አዞና ጉማሬ ስላሉ ከምሽት በፊት ከዳር መራቅ ያስፈልጋል። ዝግ ብሎ በሚፈስና በሐይቅ ዳር ውኃ ውስጥ ቢልሃርዝያ ስላለ ማባበያ ተቀረቀረ ብሎ ዘሎ መግባት አይገባም። የተቀረቀረችውን ለማስለቀቅ ክሩን አላልቶ ከተቃራኒው አቅጣጫ መሳብ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እምቢ ካለች ክሩን ቆርጦ ሌላ ማንኪያ ማውጣት ነው።